ከውስጥ የሚፈታ ብሎን

ልጄ ድሪል በገዛ ሰሞን ከቤታችን ሳይበሳ የቀረው እኔ ብቻ ነበርኩ። ለመጋረጃው በሳ፣ ለመደርደሪያው በሳ፣ መጥረጊያ የሚንጠለጠልበት ቦታ ሳይቀር በሳ። ቅዳሜ ከሰዓት መነጽሩን አጥልቆ፣ ገመዱን እየጎተተ ከክፍል ክፍል ሲዞር ሚስቱ መጥረጊያ ይዛ ከኋላው ትከተለዋለች። የግድግዳው ዱቄት ወጥ ውስጥ ሳይቀር ይገባ ነበር። አንድ ቀን እንዲያውም በመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ውስጥ የሚያልፈውን ቧንቧ በስቶት ውኃው ፊቱ ላይ ሲፈነዳበት፣ ሳሎን ተቀምጬ ሳቄን ለማፈን አፌን በነጠላዬ ይዤ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ድሪሉን አልንቀውም። የሰበታው ቤታችን ግድግዳ ብሎኬት ነው፤ ላዩ ደግሞ በሲሚንቶ ተለስኗል። እኔ በመዶሻ አንድ ሥዕል ልሰቅል ስነሳ ምስማሩ ይጣመማል፣ ልስኑ ይረግፋል፣ በመጨረሻ ሥዕሉ የሚሰቀለው የረገፈውን ለመሸፈን ይሆናል። እሱ አንዴ ጢር ካደረገው አለቀ። ያናደደኝ ድሪሉ አይደለም። ያናደደኝ ድሪሉ ከመጣ በኋላ የኔ ሣጥን ከአልጋ ሥር እንዲገባ መደረጉ ነው።

ሣጥኔ የጥይት ሣጥን ነው፤ አረንጓዴ፣ ክዳኑ የሚንጓጓ። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና መሣሪያ መግዛት እንጂ መሥራት አይሆንለትም ነበር። መርካቶ በወረደ ቁጥር አንድ ነገር ይዞ ይመጣል፤ መዶሻ፣ ፒንሳ፣ መፍቻ፣ ሞረድ። ይገዛል፣ እያገላበጠ ያሳየኛል፣ ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጦ ይረሳዋል። የምሠራው እኔ ነበርኩ። ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ የላላ ማጠፊያ፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ወይም እግሩ የተወላገደ ወንበር ይጠብቀኛል። ጎረቤት ሳይቀር በሩ ሲንቋቋበት የሚጠራው ባለቤቴን ሳይሆን እኔን ነበር። ባለቤቴም በዚህ አያፍርም፤ ሻይ አፍልቶ ያቀርብልኝና አጠገቤ ቆሞ ያሞግሰኛል።

መሃል አዲስ አበባ የነበረው ቤታችን ፈርሶ ሰበታ ልጄ ጋር ስገባ ሣጥኑን በጭኔ ይዤ ነው የመጣሁት። የላላውን ሁሉ ላጠብቅ፣ የተወላገደውን ላቃና አስቤ ነበር። ልጄ ግን ገና የመጀመሪያውን የበር እጀታ ስፈታ መጥቶ ካቻቢቴውን ከእጄ ወሰደው። ጠዋት ጠዋት እጄ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ እሱን አይቶ ነው። እማዬ አንቺ አሁን የምታርፊበት ጊዜ ነው፣ ቅዳሜ በድሪል እሠራዋለሁ አለኝ። ቅዳሜ ሠራው፤ በደቂቃ። እኔም ዕረፍቴን ጀመርኩ። ሥራ ሳይኖር የሚታረፈው ዕረፍት ምን እንደሚባል እስካሁን አላወቅሁም።

ከዚያ መንገድ የጠፋብኝ ቀን መጣ። ሰፈራችን ቤቱ ሁሉ አንድ ነው፤ ግራጫ ግንብ፣ ጥቁር የብረት በር። በሮቹን በሙሉ የሠራው አንድ ብየዳ ቤት ስለሆነ ላያቸው ላይ ያለው አበባ እንኳን አንድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ባጃጁ ከመታጠፊያችን አሳልፎ አወረደኝ። የራሴ በር መስሎኝ የሰው በር አንኳኳሁ፤ ቀጥሎ ያለውንም አንኳኳሁ። ስልኬን ቤት ትቼ ነበር። ዞሬ ዞሬ የጅማው መንገድ ላይ ወጣሁ፣ የፋብሪካ መኪና አባረረኝና ለቧንቧ የተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ጉልበቴ ተላጠ። ልጄ ሲያገኘኝ በቆሎ ከምትጠብስ ሴት አጠገብ ተቀምጬ እየበላሁ ነበር። እኔ ደህና ነበርኩ። እሱ ግን መንገድ ዳር ቆሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ወጣት ሲጠፋ መንገድ ተሳሳተ ይባላል፤ ሽማግሌ ሲጠፋ ሐኪም ቤት ይወሰዳል። ሐኪሙ ዛሬ ምን ቀን ነው አለኝ፤ ነገርኩት። ወደ ኋላ ቁጠሪ አለኝ፤ ዕድሜ ልኬን ሒሳብ ያስተማርኩ ሴት ነኝ፣ እሱ እስኪሰለቸው ቆጠርኩለት። ምንም የለባቸውም፣ ዕድሜ ነው አለ። ልጄ የሰማው ግን መጨረሻውን ብቻ ነው።

በቀጣዩ ቅዳሜ ድሪሉ ወደ ግቢው በር ወጣ። ከትልቁ በር ላይ ሰው የሚገባባት ትንሽ በር አለች። እሷን ከውጭ በጓጉንቸር ለመቆለፍ ሁለት የብረት ጆሮ ገጠመ፤ አንዱን በሯ ላይ፣ ሌላውን ጉበኑ ላይ። ብረቱ ሲበሳ የሚያወጣው ጩኸት ጥርስ ያስነቅላል። ብሎኖቹን ከውጭ አስገብቶ ዳዶአቸውን ከውስጥ አጠበቀ፣ ላያቸውንም ጥቁር ቀለም ቀባ። ለምን እንደዚያ እንዳደረገ ለሚስቱ ሲያስረዳት ሰማሁት፤ ዳዶው ውጭ ከሆነ ሌባ በመፍቻ ይፈታዋል። ሌባ መቼም ከውጭ ነው የሚመጣው።

“በግ አደረግኸኝ?” አልኩት።

“እማዬ፣ ለጥቂት ጊዜ ነው። ሥራ ቦታ ሆኜ ልቤ አያርፍም” አለኝ፤ ዓይኔን ግን አላየኝም።

ጠዋት እሱና ሚስቱ ወደ አዲስ አበባ ሲወጡ የጓጉንቸሩ ቀጭ ይሰማል። ከዚያ እስኪመለሱ ድረስ ግቢው የኔ ነው፤ ማለቴ እኔ የግቢው ነኝ። ፀሐይ ሲወጣ ጓሮ እቀመጣለሁ፣ ፀሐዩ ሲዞር አብሬው እዞራለሁ። መውጣት ያምረኝ ነበር። ውጭ ስወጣ የምሄድበት ብዙ ቦታ ኖሮኝ አይደለም። ግን መሄድ እየቻሉ መቀመጥና መሄድ ተከልክሎ መቀመጥ አንድ ወንበር ላይ ሆነውም አንድ አይደሉም።

ያዳነችኝ በጓሮው ግንብ ማዶ ያለችው ጎረቤቴ ናት። ሰፈሩ ቤት ከመሆኑ በፊት እርሻው የነሱ ነበር፤ አሁን የቀራቸው ግቢያቸው፣ ላሞቻቸውና መናገሻ መንገድ ላይ ያለ ቁራጭ መሬት ነው። ጠዋት ጠዋት “አከም ቡልቴ፣ ኦቦሌቲ” ትለኛለች፤ እንዴት አደርሽ እህቴ ማለቷ ነው። እኔም በተማርኩት ኦሮምኛ እመልስላትና ትስቅብኛለች። አንዳንዴ ጎመን በግንቡ ላይ ታቀብለኛለች። ለምን እንደማልወጣ ስትጠይቀኝ ጉልበቴን ብርድ ገብቶት ነው አልኳት። ልጄ ቆልፎብኝ ነው ማለት አፌ እምቢ አለ። አሳፈረኝ።

ባሏን ፊት ለፊት ያየኋቸው ጥቂት ጊዜ ነው። ኦቦ ነበር የምላቸው፤ አቶ እንደ ማለት ነው። በድምፅ ግን ከማንም በላይ አውቃቸዋለሁ፤ ማለዳ ከግንቡ ሥር ተቀምጠው ማጭዳቸውን ይሞርዳሉ። ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ቀስ ብሎ የሚመለስ ድምፅ ነው። አጨዳ ባይኖርም ይሞርዳሉ። ሚስታቸው ማጭዱን ሞርዶ ሞርዶ መርፌ ሊያደርገው ነው እያለች ታሾፍባቸዋለች። እኔ ያንን ድምፅ ሳልሰማ ቀኑ የጀመረ አይመስለኝም ነበር። አንድ ሳምንት ሞረዱ ዝም አለ። ጎረቤቴም ግንቡ ጋ ስትመጣ ድምፅዋ ዝቅ ይል ጀመር፤ ደረታቸውን አሟቸው ነበር።

አንድ ጠዋት ልጄ ቆልፎ ከሄደ በኋላ የእድር ጥሩንባ ተነፋ። ከዚያ በግንቡ ማዶ ለቅሶው ፈነዳ። የሷን ድምፅ ከሁሉም መሃል ለየሁት። ግንቡን በሁለት እጄ ይዤ ስሟን ተጣራሁ፤ ማን ይሰማኛል። የድንኳን ቋሚ ሲመታ፣ ወንበር ሲራገፍ፣ ሰው ሲተም ይሰማኛል። መላው ሰፈር የደረሰበት ለቅሶ፣ ከኔ የሚለየው አንድ ግንብ ነው። የጎረቤት ሬሳ ሲወጣ ቤቷ የተቀመጠች ሴት ከዚያ በኋላ ለማን ደህና አደርሽ ትላለች?

ለልጄ ደወልኩ። ስብሰባ ላይ ሆኖ በሹክሹክታ ነው ያነሳው። ነገርኩት። አዝኖ ነፍስ ይማር አለና፣ “ማታ መጥቼ አብረን እንደርሳለን፣ እማዬ” አለኝ። ቀብር ማታ እስክትመጣ ይጠብቃል ወይ ልለው ስል ዘጋው።

ቀጥታ የሄድኩት ወደ እሱ መሣሪያ ነው። ለሣጥኔ ታማኝ ነኝ ብዬ አልዋሽም፤ ስቸኩል የሚፈጥነውን ነው የፈለግሁት። ብረት የሚቆርጥበት ግራይንደር አለው፤ ቧንቧ እንደ ሸንኮራ ሲቆርጥበት አይቻለሁ። ተሸክሜ በረንዳ አደረስኩት፣ ገመዱን ሰካሁ፣ እግዚአብሔርን ጠርቼ ማብሪያውን ተጫንኩ። ምንም። እንደገና ተጫንኩ። ቀና ብዬ የበረንዳውን አምፖል ሞከርኩ፤ መብራት ሄዷል። እዚያው ግራይንደሩን ታቅፌ ተቀመጥኩና እንባዬ መጣ። የተናደድኩት በመብራቱ ነው፣ በልጄ ነው፣ በሞቱትም ሰውዬ ነው፤ ሌላ ቀን አይሞቱም ነበር?

ከዚያ ሣጥኔን ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁ። በሯ ጋ ሄጄ በእጄ ስዳስስ ዳዶዎቹ ከቀለሙ ሥር አሉ። ልጄ ስለ ሌባ ሲያስብ እኔን ረስቶኛል። መፍቻውን ገጠምኩና ሳብኩ፤ ቀለሙ ይዞታል። በሞረዱ ጠርዝ ቀለሙን ፍቄ የምግብ ዘይት ጠብ አደረግሁበት። ስስብ መፍቻው አምልጦ የጣቴን አጥንት ላጠው። ማዶ ያለው ለቅሶ ከፍ ሲል ሬሳው የተነሳ እየመሰለኝ እንደገና እስባለሁ። እጄ ግን መፍቻውን ጨብጦ መንቀጥቀጡን ትቶ ነበር። ይህን ያስተዋልኩት ኋላ ነው። የመጀመሪያው ዳዶ ሲንቀሳቀስ አንድ ቀጭን ጩኸት አወጣ፤ ከዚያ በኋላ በጣት የሚፈታ ሆነ። የበሯን ጆሮ ዳዶዎች ሁሉ ፈትቼ ብሎኖቹን በመዶሻ ወደ ውጭ ገፋኋቸው። የበሯ ጆሮ ከነጓጉንቸሩ ጉበኑ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፣ በሯም ተከፈተች።

ነጠላዬን አዘቅዝቄ ስደርስ የሬሳ ሳጥኑ ከግቢ እየወጣ ነበር። ጎረቤቴ በሰዎች ተይዛ አየችኝና እጇን አስለቅቃ አንገቴ ላይ ወደቀች። “ኦቦሌቲ ኮ፣ መጣሽ” አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። እኔም የተላጠ ጣቴን ነጠላዬ ውስጥ ደብቄ አብሬያት አለቀስኩ፤ ለሷም፣ ለራሴም፣ ለሞረዱም ድምፅ። ቤተ ክርስቲያን ድረስ ከሴቶቹ ጋር ሄድኩ፣ ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ ዘገንኩ። የማላውቃቸው ሴቶች የት ቤት ነሽ ሲሉኝ የግንቡ ማዶ አልኳቸው፤ ሁሉም አወቁት።

ልጄ ከመምጣቱ በፊት ተመለስኩ። ጆሮውን ፈትቼ መጣል ቃጥቶኝ ነበር። ግን ልጄን አውቀዋለሁ፤ ተፈትቶ ቢያገኘው በሚቀጥለው ቅዳሜ በብየዳ ነው የሚያስይዘው። ስለዚህ ከውስጥ ሆኜ በሯን ዘጋሁ። መቀርቀሪያውን ከውጭ ለመሳብ እጅ የሚገባባት ቀዳዳ አለች፤ በሷ ክንዴን እስከ ትከሻዬ አውጥቼ፣ ጆሮውን ወደ ቦታው መልሼ፣ ብሎኖቹን በዳበሳ አስገባሁ። መንገደኛ ቢያየኝ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚለምን ለማኝ ያየ ይመስለው ነበር። ዳዶዎቹን በጣቴ ብቻ አጥብቄ የተፋቀውን ቀለም በጥላሸት ቀባሁት። በገዛ እጄ ራሴን መልሼ ቆለፍኩ ማለት ነው፤ ግን የምፈታው ቁልፍ ሲሆን እስር ቤቱም ትንሽ ይሰፋል።

ልጄ እንዳለው መጥቶ፣ ክንዴን እንደ እንቁላል ይዞ ወደ ድንኳኑ ወሰደኝ። ለማንም ምንም አልተናገርኩም ነበር። ጎረቤቴ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ልጄ ጎንበስ ብሎ ሲያጽናናት እጁን ያዘችው።

“ዋቅኒ ሲ ሃ ኤቢሱ፣ ልጄ። እግዚአብሔር ይባርክህ። ሳጥኑ ሲወጣ እናትህ አጠገቤ ነበረች። ጉልበቷን እያመማት ላክሃት። ልጅ ማለት እንዲህ ነው” አለችው።

ዙሪያውን የተቀመጡት ሁሉ አሜን አሉ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ መረቁት። ልጄ እጁ በእጇ ውስጥ እንዳለ ወደ እኔ ዞረ። ላክኋት ቢል ውሸት ነው፤ አልላክኋትም ቢል ከዚያ ምን ሊል ነው? አሜን አለ። እሱም አንዴ መውጫ ሲያጣ አየሁት፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ ግን አላለኝም። አሳዘነኝ።

ስንመለስ በራችን ላይ ቆመ። ጓጉንቸሩን በቁልፉ ከፈተ፣ ገባን፣ ከዚያ የስልኩን መብራት አብርቶ ከውስጥ በኩል ዳዶዎቹን ተመለከተ። አንዱን በጣቱ ነካው፤ ዞረለት። ዘይቱ ጣቱ ላይ ቀረ።

ቅዳሜ ድሪሉን አላወጣም። ቀዳዳው አስቀድሞ ተበስቷል። ብሎኖቹን ፈትቶ አዟዟራቸው፤ ለስላሳው ክብ ራሳቸው ወደ እኔ፣ ዳዶው ወደ መንገዱ። መፍቻ የሚይዘው ነገር በኔ በኩል አልቀረም። ሌባ በመፍቻ ይፈታዋል ሲል የነበረው ልጄ ዳዶውን ለሌባው ሰጠው። ከሌባው ይልቅ እኔን ፈራ። ከዚያ ግን ዳዶው እንዳይዞር የብሎኑን ጫፍ መቀጥቀጥ ነበረበት፤ ለዚያ ደግሞ ድሪሉም ግራይንደሩም አይሆኑም። ወደ በረንዳው መጣ።

“እማዬ፣ መዶሻሽን ስጪኝ።”

ሣጥኔን ከፍቼ ሰጠሁት። ለምን እንደሰጠሁት አላውቅም፤ ልጄ ስለሆነ ይሆናል። መዶሻውን ይዞ ቆመና፣ “ብትወድቂስ? ማን ያነሳሻል?” አለኝ። የመቆጣት ድምፅ አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር።

“ቀብሩ ላይ ብወድቅ ኖሮ የሰበታ ሰው በሙሉ ያነሳኝ ነበር” አልኩት። “እዚህ ግቢ ውስጥ ብወድቅ ማን ያነሳኛል?”

ዓይኑ እንባ ሞላ። ወጣና ቀጠቀጠው። በባለቤቴ መዶሻ፣ አንድ በአንድ፤ እያንዳንዱ ምት ደረቴ ላይ ነው ያረፈው። ሲጨርስ መዶሻውን ጠርጎ መለሰልኝ፣ ግንባሬን ሳመኝ።

ሰኞ ቀጭ ብሎ ከተቆለፈ በኋላ ረጅም ሰዓት ተቀመጥኩ። ከዚያ ሣጥኔን ከፈትኩ። መፍቻው ዋጋ የለውም፤ ሞረዱ ግን አለ። ትንሽ ነው፣ ጥርሱም ተበልቷል። ራሱ ተሞርዶ ካለቀ ብሎኑ ወደ ውጭ ይገፋል ብዬ የመጀመሪያውን ክብ ራስ ላይ አሳረፍኩና ገፋሁ፤ ሳብኩ፤ ገፋሁ። ብናኝ ብረት መሬት ላይ ጠብ ጠብ ይላል። እንዲህ ከሄደ ክረምት ይገባል። ቢሆንም ከመቀመጥ ይሻላል ብዬ ቀጠልኩ፤ ሲደክመኝ ጓሮ ሄጄ ፀሐይ እሞቃለሁ፣ ተመልሼ እሞርዳለሁ።

በማግስቱ ማለዳ ሞረዱን ወንበር ላይ ተቀምጬ ላጸዳው ይዤው ጓሮ ሄድኩ፤ ጥርሱ ውስጥ የገባውን ብረት በሽቦ እያወጣሁ በቁራጭ ብረት ላይ ስሞክረው በግንቡ ማዶ ኮቴ መጥቶ ቆመ። ጎረቤቴ ናት። ሐዘን ላይ ስለሆነች ከግቢዋ አትወጣም። እዚያው ቆማ ታዳምጣለች። ያ ድምፅ ምን እንዳስታወሳት ሲገባኝ ደንግጬ አቆምኩ።

“ኦቦሌቲ፣ ምን እየሠራሽ ነው?” አለችኝ።

ቢላ እየሞረድኩ ነው ልላት ነበር። “የግቢውን በር እየጠገንኩ ነው” አልኳት።

“ምን ሆነ?”

“አይከፈትም።”

ስለ ጉልበቴ፣ ስለ ብርዱ የነገርኳትን ሁሉ አንድ በአንድ ስታነሳ የሰማኋት መሰለኝ። እግሯ ራቀ፤ ሄደች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ትንሽ ቆይታ ተመለሰች። አንድ እጅ በግንቡ ላይ ብቅ አለ፤ በጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዟል።

“የሱ ሞረድ ነው። ያንቺው ትንሽ ነው፣ ከድምፁ ያስታውቃል” አለችኝ። “ጀባዱ፣ በርቺ። ስትጨርሺ ግን መልሺልኝ፤ በእግርሽ መጥተሽ።”